ፍሎሪዳ ላይ ከእናት አባት ጋር የሰመሩን ወበቅ እንዴት እንደምናልፈው

እዚህ ፍሎሪዳ ሰው ሚጎዳው በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በወበቁ ነው፣ ይሄ ልዩነት ቀድሞ የገባው ሰው ሌላውን ሁሉ በቀላሉ ይይዘዋል። ድሬዳዋ ወይ አዋሽ ያደገ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ያ ደረቅ ሙቀት ነው፣ ላብ ወጥቶ ቶሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደሞ ገላን ያቀዘቅዛል። እዚህ አየሩ ራሱ ውሃ የጠገበ ስለሆነ ላቡ ሚሄድበት የለውም፣ ገላ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ልብ ብቻ ሙቀቱን ለማስወጣት ደሙን ወደ ቆዳ እየገፋ ሲለፋ ይውላል። ምጽዋ፣ አሰብ ወይ ጅቡቲ የኖሩ ሰዎች ይሄን ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ ይገባቸዋል።

እኔና ባለቤቴ ጡረታ ስንወጣ ነው ከሜሪላንድ ወደ ሴንትራል ፍሎሪዳ፣ ኦካላ አካባቢ የመጣነው። ሰፈሩ ፊፍቲ ፋይቭ ፕላስ ሚሉት ነው፣ ሕጉ ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው ውስጥ 55 ዓመት የሞላው ሰው መኖር አለበት ስለሚል ጎረቤቱ ሁሉ ጡረተኛ ነው ማለት ይቻላል። እናቴም አብራን ናት፣ 83 ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ለሷ ሐምሌና ነሐሴ ማለት ጋቢ ተከናንቦ ከሰል ዳር መቀመጥ ነው። እዚህ ዝናቡ እንደዛው አለ፣ ብርዱ ነው የሌለው። ስለዚ ይሄን ምጽፈው በተለይ እንደሷ ያሉ ወላጆች ለያዛችሁ ነው።

መጀመሪያ ዌዘር አፑን ማንበብ ልመዱ። ሰው ሁሉ ዲግሪውን ነው ሚያየው፣ እኔ ማየው ዲው ፖይንት ሚለውን ነው፣ ማለትም አየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ጤዛ መሆን ሚጀምርበት ሙቀት። ሂዩሚዲቲ፣ ማለትም የአየር እርጥበት፣ ብሎ በፐርሰንት ሚያሳየው ቁጥር ያሳስታል፣ በነጋ ጊዜ 95 ይልና ትደነግጣላችሁ፣ ከሰዓት 60 ይልና ቀለል ያለ ይመስላችኋል፣ ግን አየሩ ውስጥ ያለው ውሃ ያው ነው፣ የተለወጠው ሙቀቱ ነው። ዲው ፖይንት ግን ውሃውን በቀጥታ ይነግራችኋል። በፋራናይት ከ60 በታች ከሆነ ጥሩ ቀን ነው፣ 65 ሲያልፍ መጣበቅ ይጀምራል፣ 70 ካለፈ ወበቅ ነው፣ 75 ከደረሰ እኔ እናቴን ከማለዳ ውጪ ከቤት አላወጣትም። እዚህ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አብዛኛው ቀን ከ70 በላይ ነው። ሁለተኛው ሚታየው ሂት ኢንዴክስ ነው፣ ማለትም ገላ ሚሰማው ሙቀት፣ ቴርሞሜትሩ 90 ሲል፣ በኛ 32 ሴልሺየስ መሆኑ ነው፣ ሂዩሚዲቲው 70 ፐርሰንት ከሆነ ገላ ሚሰማው 105 አካባቢ፣ 41 ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። ይሄ ደሞ ጥላ ውስጥ ላለ ሰው ነው፣ ፀሐይ ላይ ከሆነ እስከ 15 ፋራናይት ሊጨምር ይችላል። ጎልፍ ካርት፣ ሰፈር ውስጥ ምንነዳት ትንሿ ክፍት መኪና፣ ላይ ጣራ አለን ብላችሁ አትዘናጉ፣ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ፀሐዩ ጭን ላይ ነው ሚያርፈው፣ ከአስፋልቱ ሚነሳው ግለትም አለ።

ቀኑን እንደገና ነው ምታደራጁት። የእግር ጉዞ፣ አትክልት፣ ፖስታ ማምጣት፣ ገበያ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይለቅ። ከዛ በኋላ ቤት ነው። ከሰዓት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ይከመራል፣ ምክንያቱም ከሜክሲኮ ባህረ ሰላጤና ከአትላንቲክ በኩል ሚመጡት ነፋሶች መሃል አገር ላይ ይገናኛሉ፣ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከነመብረቁ ይወርዳል። ፍሎሪዳ በመብረቅ ብዛት አሜሪካ ውስጥ ከቀዳሚዎቹ ናት፣ ስለዚ ነጎድጓድ ከተሰማ ከፑል ውጡ፣ ከዛፍ ስር ውጡ፣ ቤት ወይም ጣራና በር ያለው መኪና ውስጥ ግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ጎልፍ ካርት ከመብረቅ አያስጥልም። ዝናቡ ሲያባራ ደሞ ቀዝቅዟል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ አስፋልቱ እንፋሎት ይተፋል፣ ወበቁ ከበፊቱ ይብሳል።

ከቀዝቃዛ አገር አዲስ የመጣ ሰው ገላው ወበቁን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። እናታችሁ በጁላይ ከአዲስ አበባ ከመጣች በመጀመሪያው ቅዳሜ ዲዝኒ እንዳትወስዷት፣ በቀን አሥር ደቂቃ ሃያ ደቂቃ እያላችሁ ጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኤሲ፣ ማለትም የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ። ከወላጆቻችን ጋር ያለው ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው። "ብርድ ይመታኛል" ይላሉ፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ትከሻዬ ላይ ገባ፣ የመብራት ክፍያው በዛ፣ ከዛ እናንተ ስትወጡ ያጠፉታል። ባለፈው ዓመት ጁላይ እኔና ባለቤቴ ለሕክምና ቀጠሮ ወጥተን አራት ሰዓት ያህል ቆይተን ስንመለስ ቤቱ 88 ፋራናይት ገብቷል፣ መስኮቱ ዝግ ነው። እናቴ ሶፋው ላይ ነጠላዋን እንደተከናነበች ተቀምጣለች፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ጠዋት የቀዳሁላት ውሃ እንዳለ አለ፣ አልተነካም። "እማዬ ምነው?" ስላት ቀስ ብላ ዞር አለችና በእህቷ ስም ጠራችኝ። እህቷ ካረፈች ስንት ዓመቷ። ያኔ ነው እጄ የተንቀጠቀጠው። 911 ደወልን፣ እስኪመጡ ነጠላውን አንስተን፣ ልብሷን አላልተን፣ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ እየነከርን አንገቷ ላይ፣ ብብቷ ስር አደረግን፣ ባለቤቴ በካርቶን ያራግባል። ሆስፒታል አንድ ሌሊት ፈሳሽ ተሰጥቷት ደህና ሆነች፣ ዶክተሩ ሙቀቱና ምትወስደው ሚያሸና የግፊት ኪኒን ተደርበው ገላዋን እንዳደረቁት ነገረን።

ከዛ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሪሞቱን ደብቆ መጣላት አይሠራም፣ እናት ናት፣ ቅሬታዋም እውነት አለው፣ ቀጥታ ሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ለሽማግሌ መገጣጠሚያ ደስ አይልም። ስለዚ ወንበሯን ከንፋሱ መውጫ ስር አነሳነው፣ መውጫው ላይ አየሩን ወደ ጎን ሚመልስ ፕላስቲክ ገጠምን፣ ሃርድዌር ሱቅ በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ኤሲው 72 ፋራናይት ላይ የነበረውን 77 አደረግነው፣ ለኛ ትንሽ ሞቀን፣ ለሷ ግን ልክ ሆነ። ካልሲ አደረገች፣ ስስ ነጠላ ጉልበቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም የኤሲውን ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ከ80 በላይ እንዳይወጣ በኮድ ቆለፍነው፣ አብዛኞቹ ዲጂታል ቴርሞስታቶች ይሄ አላቸው፣ ግን ነግረናት ነው የቆለፍነው። በጣም የረዳን ደሞ አንድ ታሪክ ነው። እዚሁ ፍሎሪዳ አፓላችኮላ ሚባል ከተማ የነበረ ዶክተር ጆን ጎሪ ትኩሳት የያዛቸውን በሽተኞች ክፍል ለማቀዝቀዝ ብሎ በረዶ ሚሠራ ማሽን ፈጥሮ በፈረንጆቹ 1851 ፓተንት አውጥቶበታል። "እማዬ፣ ይሄ ነገር የተጀመረው ለበሽተኛ ነው፣ የሐኪም ሥራ ነው" አልኳት። ሐኪም ያዘዘው ነገር ለሷ ሌላ ነው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ አላጠፋችውም።

ኤሲው ላይ ፋን ሚለው ኦቶ ላይ ይሁን እንጂ ኦን ላይ አይሁን። ኦን ላይ ከሆነ ማቀዝቀዣው ሲቆም ፋኑ አይቆምም፣ የብረቱ ጥቅል ላይ የተጠራቀመውን ውሃ መልሶ ወደ ቤት ይነፋዋል፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ግን ርጥብ ይሆናል። ትንሽ ሂዩሚዲቲ መለኪያ ግዙና ሳሎን አስቀምጡ፣ 50 ፐርሰንት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከ60 ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። ኤሲ አዲስ ምታስገቡ ከሆነ ትልቅ ይሻላል ሚላችሁን አትስሙ፣ ለቤቱ ከልክ በላይ የሆነ ኤሲ ቶሎ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም።

ማንም ያልነገረኝ ነገር የኤሲው የውሃ መውረጃ ቱቦ ነው። ኤሲ በወበቅ ጊዜ ከአየሩ በቀን ብዙ ሊትር ውሃ ያወጣል፣ ያ ውሃ በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጪ ይወርዳል፣ ቱቦው ውስጥ አረንጓዴ አተላ ይበቅልና ይደፍነዋል። ሲደፈን ወይ ጣራው ወይ ጋራዡ ወለል ይርሳል፣ ወይ ደሞ መቆጣጠሪያው ራሱ ኤሲውን ያጠፋዋል፣ ሁሌም እንደዚ ሚሆነው በጣም በሚሞቅበት ቀን ነው ምክንያቱም ብዙ ውሃ ሚወጣው ያኔ ነው። እኛ እሁድ ቀን ቆሞብን ባለሙያ ጠርተን ለአሥር ደቂቃ ሥራ ብዙ ብር ከፍለናል። እናንተ እንደዚ አድርጉ፣ ኤሲው ቤት ውስጥ ያለው ክፍል ጋ፣ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከቱቦው ላይ ክዳን ያለው አጭር ቀጥ ያለ ጫፍ ታገኛላችሁ። ኤሲውን አጥፉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ አንድ ስኒ ነጭ ኮምጣጤ፣ የሻይ ስኒ ማለቴ ነው፣ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ውሃ አፍስሱበት። በወር አንዴ በቃ። ደሞ ሲሞቅ ውጪ ግድግዳው ስር ያለውን የቱቦ ጫፍ እዩት፣ ኤሲው እየሠራ ምንም ሚንጠባጠብ ከሌለ ሊደፈን ነው ወይ ተደፍኗል። ውሃ ሚስብ ቫኪዩም ያለው ሰው ከውጪው ጫፍ አጥብቆ ይዞ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢስበው አተላው ይወጣል። ፊልተሩን በሰመር በየወሩ ለውጡ።

የቬንቲሌተር ነገር፣ ማለትም ሚያራግበው ፋን፣ የቤቱ ሙቀት በ70ዎቹና በ80ዎቹ ፋራናይት ውስጥ እያለ ይረዳል። ሙቀቱ 95 ገደማ ካለፈ ግን ለሽማግሌ ፋን ብቻውን አያድንም፣ ሞቃት አየር ነው መልሶ ሚነፋባቸው። ያኔ ኤሲ ያለበት ቤት፣ ላይብረሪ፣ የሰፈሩ ሪክሪዬሽን ሴንተር፣ ሞል፣ የትም ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ትልቅ ለውጥ ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ ሲጠማህ ጠጣ ሚለው ለነሱ አይሠራም። ዕድሜ ሲገፋ ጥም ሚባለው ስሜት ይደክማል፣ ላብም ይቀንሳል። ስለዚ በሰዓት ነው፣ እኔ ጠዋት ሁለት ጠርሙስ ሞልቼ እናቴ አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት፣ ካላለቀ አይቼ አውቃለሁ። ውሃ ሰለቸኝ ካለች ሐብሐብ፣ ብርቱካን፣ የቀዘቀዘ ተልባ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት ለብ ሲል። የሽንቱ ቀለም ፈዘዝ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ወደ ቡናማ ከሄደ ውሃ አንሷል። ላብ በዝቶ ወይ ተቅማጥ ይዞ ከሆነ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ አይቆለል። ግን ልብ በሉ፣ የልብ ድካም ወይ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ዶክተሩ የፈሳሽ ልክ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል፣ ጨውም ሊከለከል ይችላል፣ እሱን ሳትጠይቁ አትጨምሩ።

መድኃኒቱን ደሞ ሰመር ሳይገባ፣ ኤፕሪል ሜይ ላይ፣ ጠርሙሶቹን በሙሉ በፌስታል አድርጋችሁ ፋርማሲስት ወይ ዶክተር ጋ ይዛችሁ ሂዱና "ከዚ ውስጥ ከሙቀት ጋር ማይስማማው የቱ ነው?" በሉ። ሚያሸኑት እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሰማይድ ውሃ ያስወጣሉ፣ እንደ ሜቶፕሮሎል ያሉት ልብ በሙቀት ጊዜ እንዳትፈጥን ይይዟታል፣ ለአለርጂና ለእንቅልፍ ሚወሰደው ቤናድሪል ላብ ይቀንሳል። በራሳችሁ ግን ምንም እንዳታቆሙ፣ ማቆሙ ከሙቀቱ ሊብስ ይችላል። ኢንሱሊን መኪና ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አትተዉ፣ የቆመ መኪና ውስጡ በአሥር ደቂቃ ወደ 20 ፋራናይት ይጨምራል። ሰውም እንደዛው፣ "አንዴ ዕቃ አንስቼ ልምጣ" ብሎ አዛውንት መኪና ውስጥ ማስቀመጥ የለም።

ፍልሰታ ሚከብደን ለዚ ነው። ነሐሴ 1 ሲገባ ኦገስት 7 ነው፣ የዓመቱ ወበቅ ጣሪያ ላይ። አገር ቤት ብርድና ዝናብ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መዋል ለለመደ ሰው ይቻላል፣ እዚህ ግን ኪኒን ሚወስድ የ80 ዓመት ሰው እንደዛ ሲውል አደገኛ ነው። እኔ ራሴ ለእናቴ አትጹሚ ማለት አልችልም፣ አልሞክርምም። ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባቷ ጋ ደወልኩ፣ የሆስፒታሉን ነገር ነገርኳቸው፣ እሳቸው ራሳቸው አነጋገሯት፣ ኪኒኗን በውሃ እንድትወስድ፣ ውሃ እንዳታቋርጥ፣ ምግቡን ብቻ ከፍስክ እንድትጠብቅ። ከኔ አፍ ቢወጣ ትቆጣ ነበር፣ ከሳቸው ግን "እሺ አባቴ" ብላ ነው የተቀበለችው። ቅዳሴ ላይ ረጅም መቆም ያዞራል፣ መቋሚያ ቢኖርም ወንበር አጠገብ ይሁን።

ኩሽና ውስጥ ምጣድ ከሰዓት አይጣድ። ምጣዱን ላናይ ላይ፣ ማለትም መረብ ባለው በረንዳ፣ ወይ ጋራዥ በሩን ከፍቶ ማለዳ መጋገር ነው፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ኤሲው ቀኑን ሙሉ ከምጣዱ ጋር ሲታገል ይውላል። ሽንኩርት ማቁላላቱን ለማታ አድርጉት፣ አብዝታችሁ ሠርታችሁ ፍሪዘር። ቡናውን ማለዳ ላናይ ላይ። ከሰል ግን ቤት ውስጥ፣ ኤሲ ተዘግቶበት፣ በፍጹም፣ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ እንቅልፍ መስሎ ነው ሚወስደው። እንጀራ ጠረጴዛ ላይ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ሚቆየው እዚህ በሁለተኛው ቀን ነጥብ ነጥብ ይላል፣ ቀዝቀዝ እንዳለ ፍሪጅ። በርበሬና ሽሮ ፍሪዘር ውስጥ። ጋቢና የሀበሻ ቀሚስ ቁም ሳጥን ውስጥ ሽታ ይይዛል፣ ጥለቱም ይበላሻል፣ ሳጥኑን አልፎ አልፎ ክፈቱት፣ እርጥበት ሚመጥ ነገር አስቀምጡበት።

ገላ ላይ፣ ጡት ስር፣ ብሽሽት፣ የሆድ እጥፋት ውስጥ ላብ ተኝቶ ሽፍታና ፈንገስ ያመጣል፣ እናቶች አፍረው አይናገሩም። ለብ ባለ ውሃ በቀን ሁለቴ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ልብሱ ሰፊ ጥጥ። ውፍረት ያለው ናይለን አይሁን።

ምልክቶቹን ሁላችሁም ዕወቁ። ብዙ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእግር ቁርጠት፣ ማዞር ከሆነ ድካሙ ጀምሯል ማለት ነው፣ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ አስገቡ፣ ልብስ አላሉ፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ በአንድ ሰዓት ካልተሻለ ሐኪም። ንግግር ከተደናገረ፣ ሰው ካላወቀ፣ ከወደቀ፣ ገላው ከጋለ፣ ትኩሳቱ 104፣ በሴልሺየስ 40፣ ከደረሰ ግን መጀመሪያ 911 ነው። እስኪደርሱ በውሃና በማራገብ አቀዝቅዙ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት ላይ። አእምሮው ለተደናገረ ሰው በአፍ ምንም አትስጡ፣ ይታነቃል። ታይሌኖልም አይሠራም፣ የኢንፌክሽን ትኩሳት አይደለም።

የሀሪኬን፣ ማለትም የከባዱ ማዕበል፣ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ ንፋሱ ካለፈ በኋላ ግን መብራት የሌለበት ወበቅ ይቀራል። በፈረንጆቹ 2017 ኢርማ ሚባለው ሀሪኬን ጊዜ ሆሊውድ ፍሎሪዳ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኤሲው ጠፍቶ 12 አረጋውያን ሞተዋል፣ ከዛ በኋላ ነው ስቴቱ እነዚህ ቦታዎች ጀነሬተር እንዲኖራቸው፣ ሙቀቱም ከ81 ፋራናይት እንዳያልፍ ያስገደደው። ወላጃችሁን እንደዚ ያለ ቦታ ምታስገቡ ከሆነ ጀነሬተሩን አሳዩኝ፣ ለስንት ሰዓት ነዳጅ አላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ማፈር የለም። ቤት ለሚኖሩ ደሞ ካውንቲው ስፔሻል ኒድስ ሬጅስትሪ፣ ማለትም ልዩ እርዳታ ሚፈልጉ ሰዎች መዝገብ፣ አለው፣ ኦክስጅን ወይ መብራት ሚፈልግ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች ቀድመው መመዝገብ አለባቸው፣ ማዕበሉ ሲመጣ መመዝገብ ይረፍዳል። በባትሪ ሚሠራ ፋን፣ የቀዘቀዘ ውሃ ጠርሙሶች ፍሪዘር ውስጥ፣ ጀነሬተር ካለ ከቤት 20 ጫማ ርቆ ውጪ ይቁም፣ ጋራዥ ውስጥ አይሁን። የመብራት ክፍያ ከብዶት ኤሲ ሚያጠፋ ሰው ካወቃችሁ ላይሂፕ ሚባል የፌዴራል እርዳታ አለ፣ በየካውንቲው ይመለከቱታል፣ ቅጹን አብራችሁ ሙሉላቸው።

ብቻቸውን ለሚኖሩ በቀን ሁለቴ ደውሉ፣ አንዴ ጠዋት አንዴ ከሰዓት አሥር ሰዓት አካባቢ። "ደህና ነሽ?" ካላችሁ "ደህና ነኝ" ነው መልሱ ሁሌም። እኔ ምጠይቃቸው "ቴርሞስታቱ ላይ ስንት ይላል?" ብዬ ነው፣ ተነስተው አይተው ይነግሩኛል፣ በዛውም መነሳታቸውንና አነጋገራቸውን እሰማለሁ።

ኦክቶበር አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ዲው ፖይንቱ 58 ምናምን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ቀን ኤሲውን አጥፍተን መስኮቱን በሙሉ እንከፍታለን፣ እናቴ ጋቢዋን ላናይ ላይ ታሰጣለች፣ ማታ ላይ ትለብሰዋለች።